ጋሽ በድሩ ያስገባኝ ዕለት

ጋሽ በድሩ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት የሃምሳ ዓመት ሰው ነው። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር፣ እንደ ቤተሰብ አብረን በምንኖርበት ቤት እሱን መደገፍ ሥራዬ ነው። ከሰው ጋር በተገናኘን ቁጥር እሱ አፉን ሳይከፍት «ትንሽ ይረሳል እንጂ ጎበዝ ነው» እላለሁ።

ባለፈው ለእሱ ጉዳይ ፒያሳ አንድ መሥሪያ ቤት ይዤው ሄድኩ። ከቤት ስንወጣ «መታወቂያህን ይዘሃል?» ብዬ ሦስቴ ጨቅጭቄዋለሁ። በር ላይ ጥበቃው መታወቂያ ሲለን፣ ጋሽ በድሩ ከደረት ኪሱ መዥረጥ አደረገ። እኔ ቦርሳዬን ብበረብር የለም! «ደጋፊው እኮ ነኝ!» አልኩ። ጥበቃው ንቅንቅ አላለም።

ጋሽ በድሩ ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «ከኔ ጋር ናት ወንድሜ። ትንሽ ትረሳለች እንጂ ጎበዝ ናት» አለው።

ጥበቃው በሐዘኔታ አየኝ። «እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ» ብሎ አሳለፈኝ።