ያልተነካው የያርጋል ሞተር

አቶ ያርጋል ከጎንደር ወደ ዳባት በሚመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ ወፍራም ዘይት የሞላበት ጀሪካን በጉልበታቸው መሐል አቅፈው ተቀምጠዋል። አምባ ጊዮርጊስ ላይ አንዲት ወጣት ገብታ አጠገባቸው ተቀመጠች። ቀና ብለው ቢያዩ የጎረቤታቸው የውዱ ልጅ ሕሊና ናት፤ የሞተር ጥገና ተምራ አሁን ደባርቅ ላይ ያንኑ ሙያ ታስተምራለች። ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ጀሪካኑ ከለከላት።

«ጋሽ ያርጋል፣ እንደምን ሰነበቱ? ይህ ሁሉ ዘይት ለወፍጮው ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። አዎ፣ ለወፍጮው ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ይደክመዋል፤ ወፍራም ሳጠጣው ይበረታል።»

«የዘይቱን ግፊት የሚያሳየው ጌጅስ ምን ይላል?»

«ጌጁንማ ነቅዬ ጣልሁት። ጧት ጧት ከፍ ይልና ሞተሩ ሲሞቅ ቁልቁል ይወርዳል። እሱን እያየሁ እህል አልበላ አለኝ። ቀዳዳውን በቡሎን ደፈንሁና ተገላገልሁ።»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። አቶ ያርጋልም ይህን ተረት ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ግን ለሌላ ሰው እንጂ ለራሳቸው ተርተውት አያውቁም። መንደራቸው ከዳባት ቁልቁል፣ መብራት ካልደረሰበት ቆላማ ጥግ ናት፤ እህሏን የሚፈጭላት ከአሮጌ የጭነት መኪና የወረደው የእርሳቸው ናፍጣ ሞተር ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘቢደር ከልጅነታቸው ጀምሮ በድንጋይ ሲፈጩ ኖረው ትከሻቸው ተበላሽቷል። ሞተሩ የተገዛውም በዚያ ትከሻ ምክንያት ነው፤ ከቆመ ወደ ድንጋዩ መመለስ ነው።

ሕሊና ይህን ስለምታውቅ ዝም ማለት አልሆነላትም።

«ጋሽ ያርጋል፣ በድፍረት አይዩብኝ። ዘይት ማወፈር ለሚያነክስ ሰው ምርኩዝ መስጠት ነው፤ እግሩን አያድነውም። የታመመው ዘይቱን እየገፋ ለየብረቱ የሚያዳርሰው ፓምፕ ነው። ውስጡ ሁለት ጥርሳም ብረቶች ተያይዘው ይዞራሉ። በእርጅና ሲበሉ በመሐል ክፍተት ይፈጠርና ዘይቱ ወደ ኋላ ያመልጣል፤ ሲሞቅ ደግሞ ስለሚቀጥን ይብስበታል። ጌጁ የነገረዎት እውነቱን ነው። ሁለት ቀን ይስጡኝና ፈትቼ ላድስልዎ።»

«ፈትቼ?» አቶ ያርጋል ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይህ ሞተር እኔ ቤት ከገባ ጀምሮ ቁልፍ አልነካውም። ያልተነካ ሞተር ነው፤ አገር የሚያውቀውም በዚሁ ነው። ፋብሪካ ያሰረውን ሰው ከፈታው ወዲያ እንደ ድሮው አይሆንም።»

«ሰውስ ሲታመም ሐኪም ይከፍተው የለም?»

«ይከፍተዋል። ከዚያ ወዲያ ስንቱ እርፍ ጨበጠ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ሕሊናም አብራ ሳቀችና ቀጠለች።

«መንካት ሌላ፣ ማበላሸት ሌላ ነው። መሬትዎን በየዓመቱ ያርሱት የለም? ያልተነካ ይባል ብለው ጦም ያሳድሩታል?»

«መሬትማ ፈጣሪ አለው፤ ቢቆስል ራሱ ይድናል። ብረት ማን አለው?»

«እርስዎ አሉት። ከእርስዎ ሌላማ ማንም የለው።»

አቶ ያርጋል ጀሪካኑን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉ። መረታትና ማመን ለየቅል ናቸው። ሰው በተሞላ መኪና ውስጥ በጎረቤት ልጅ መረታትም ለሽማግሌ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ወደ መስኮቱ ዞር ብለው «ከፋሲካ በኋላ እናያለን» አሉ። እኛ አገር «እናያለን» የጨዋ እምቢታ ነው፤ ስንት ቤት እንዳፈረሰ የቆጠረው የለም።

ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል የፋሲካ እህል በወፍጮ ቤቱ ደጅ ተቆለለ። ሞተሩም ከሆዱ ዱብ ዱብ ማለት ጀመረ። አቶ ያርጋል ሰምተዋል፤ አልሰማሁም ቢሉ ሐሰት ነው። «እስከ በዓሉ ብቻ ያድርሰኝ» ብለው የቀረውን ዘይት ጨመሩና መፍጨታቸውን ቀጠሉ። በማግስቱ ሞተሩ አንድ ጊዜ አጓርቶ ቀጥ አለ።

ደባርቅ ድረስ ሄደው ሕሊናን ከማስተማሪያ ክፍሏ አስጠሩ። ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ «ልጄ፣ ክፈቺው» አሉ።

መጣች። ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ አውርዳ ስታይ ዘይቱ ውስጥ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል። ወደ ውስጥ አጎንብሳ ብዙ ቆየች፤ ከዚያ ውጭ ወጥታ ስልክ ስትደውል ዋለች። ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«የታመመውን አሳዪኝ» አሏት።

ፓምፑን ፈትታ ጆንያ ላይ ዘረጋችው። «ጥፍርዎን እዚህ ያሳርፉ» አለች። የክዳኑ ብረት በጥርሶቹ ተፍቆ ጎድጉዷል፤ ጥፍራቸው ገባበት። ከዚያ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት አንጥፋ ክዳኑን እያሸች አስተካከለች፣ ከደባርቅ ባመጣቻቸው ጥርሶች አሮጌዎቹን ተካች፣ የዘይቱን ግፊት የሚጠብቀውን የላላ ሞላ ቀየረች። ዘይት አጠጥታ በእጇ ብታዞረው ዘይቱ ተፈናጥሮ የአቶ ያርጋልን መዳፍ ሞላው።

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ያን ጊዜ ያልሽኝ ይህን ነበር?»

«ይህን ነበር።»

«እንግዲያስ መልሺውና እናስነሳው።»

ሕሊና እጇን በጨርቅ ጠረገች። «አይነሳም፣ ጋሽ ያርጋል። ዘይት ሲያጣ ቆይቶ ሞተሩን የሚያዞረው ዋናው ዘንግ ተበልቷል፤ ተሰንጥቋልም። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር የሚሆን ዘንግ ጎንደርም አዲስ አበባም ጠየቅሁ፤ የለም። ፓምፑን ያደስሁት አሳዪኝ ስላሉኝ ነው።»

በዚህ መሐል ከጓሮ ድንጋይ ሲንከባለል ተሰማ። ወይዘሮ ዘቢደር ማንንም ሳይጠይቁ የጥንቱን የእጅ ወፍጮ አውጥተው ማጠብ ጀምረዋል። አቶ ያርጋል ድምፁን ሲሰሙ አንገታቸውን ደፉ።

«አመንሁ፣ ልጄ። ግን ከሞተ በኋላ ነው ያመንሁት። እንዲህ ያለው እምነት ምን ይሠራል?»

«ለእርስዎ አይሠራም» አለች፤ ልታጽናናቸው አልዋሸችም። «ማዶ ያለው የጋሽ ሻረው ወፍጮ ሞተር ግን ዓይነቱ ከዚህ ጋር አንድ ነው። እርሳቸውም ወፍራም ዘይት ያጠጡታል ይላሉ። እኔ ብነግራቸው ልጅ ናት ይሉኛል።»

አቶ ያርጋል ፓምፑን በጆንያ ጠቅልለው ዳገቱን ወጡ። ሻረው ደንበኛ ሲሻማቸው የኖረ ሰው ነው፤ ነገሩን ሰምቶ ዓይኑን አጠበበ።

«ያርጋል፣ የአንተ ቆመና የእኔንም አስከፍተህ ልታዘጋኝ ነው?»

«እንዲህ ብታስብ አልፈርድብህም፤ እኔም አስበው ነበር። ስማኝ ብቻ። ፓምፑን በጊዜው ያሳደሰ ዘንጉን ያተርፋል፣ ዘንጉን ያተረፈ ወፍጮውን። ዘይትህ በልኩ ይሆናል፣ ናፍጣህ አይባክንም፣ የሴቱ ትከሻ ያርፋል። ይህን ሁሉ በሁለት ቀን ሥራ ላገኘው እችል ነበር። ያልተነካ ሞተር እያልሁ ስኮራ ገደልሁት። ዘቢደር አሁን ድንጋይ እያጠበች ነው። ፓምፑ የታደሰ ነው፤ ለእኔ አይረባኝም፣ ውሰደው።»

ሻረው ፓምፑን አገላብጦ አየው። ወደ ውስጥ ገብቶም ሞተሩን አጠፋ። «ልጅቱ ትምጣ» አለ።

ሲመለሱ የፋሲካ እህላቸውን ለማስፈጨት ያመጡት ሴቶች ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። እህሉን ቤታቸው አቆይተው ከሁለት ቀን በኋላ፣ የሻረው ሞተር ሲታደስ፣ ወደዚያ እንዲወስዱት ነገሯቸው፤ ጆንያውን ሁሉ በየአህያው ላይ በገዛ እጃቸው እያነሱ ጫኑላቸው። ወፍጮ ቤቱ ባዶ ቀረ። ለዛሬ የሚቀመስ ዱቄት ግን በቤቱ አልነበረም።

ወይዘሮ ዘቢደር ከድንጋዩ ፊት ተንበርክከው መጁን ሲያነሱ ትከሻቸው ጠለፋቸውና ቃተቱ።

«ተነሽ» አሉ አቶ ያርጋል።

«ማን ሊፈጭ ነው?»

አቶ ያርጋል ጋቢያቸውን አውልቀው ተንበረከኩና መጁን ያዙ። በዚያ መንደር ወንድ ሲፈጭ ያየ የለም፤ በአጥሩ ቀዳዳ የሚያዩት ጎረቤቶችም አልሳቁም። ወይዘሮ ዘቢደር አጠገባቸው ቁጭ ብለው እህሉን በእፍኝ እየጨመሩ «ቀስ ብለው፤ በወገብዎ ይግፉት» ይሏቸው ነበር። የመጀመሪያው ዱቄት ሻካራ ሆነ፤ መልሰው ፈጩት።