በታሸገው ቤት የነበሩ አበቦች

ሰዎች፣ እባካችሁ አንዴ ጸጥ በሉልኝ። ሒሳብ ሹማችን፣ ኬኩ የትም አይሄድም፤ ቢላዋውን አስቀምጠው።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት እትዬ ይግባኝ ወደዚህ የአረጋውያን መርጃ ድርጅት የመጣችበትን ቀን የሚያስታውሱ ጥቂቶች ናቸው የቀሩት፤ እኔም ከነሱ ነው የሰማሁት። ያኔ ሕግ ክፍሉ አንድ ጠባብ ክፍል ነበር። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ እሱ ላይ የሚቀመጡት የተናደዱ ወራሾች ብቻ ናቸው። “አባታችን ቤቱን ለእናንተ የተናዘዘው አታልላችሁት ነው” የሚሉት ማለቴ ነው። ጥበቃችን አንዲት ግንባሯን የቋጠረች ሴት ቦርሳዋን ታቅፋ ስትገባ አየና፣ ምንም ሳይጠይቅ “ከሳሾች እዚያ ጋ ነው የሚቀመጡት” አላት። እሷም እሺ ብላ ተቀመጠች። ሥራ አስኪያጁ “አዲሷ የሕግ ባለሙያ በመጀመሪያ ቀኗ ቀረች” እያለ ሲበሳጭ አረፈደ። ኋላ ብቅ ሲል ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ሁለት ወንድማማቾችን ግራና ቀኝ አስቀምጣ፣ ጉዳያቸውን ሰምታ ጨርሳ፣ “በርቱ፣ ጥሩ ክስ አላችሁ” እያለቻቸው! የሚከሱት እኮ እኛን ነው!

“ለማን ነው የተቀጠርሽው አንቺ?” ቢላት፣ “ለእናንተ። እውነት ካላቸው ግን ምን ላድርግ?” አለችው። እውነትም ነበራቸው፤ ቤቱን መለስንላቸው።

አትሳቂ እትዬ፣ ገና መጀመሬ ነው።

ይግባኝ የሚለውን ስም ያወጣንላት ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የት እንብላ ተብሎ በድምፅ ብልጫ ተወስኖ፣ ተነስተን በሩ ጋ ስንደርስ “እኔ የምለው…” ትላለች። አለቀ፣ እንደገና ስብሰባ። ሻይዋንም በትኩሱ ጠጥታ አታውቅም። ወሬ ላይ ትረሳውና “ማነው ሻዬን ያቀዘቀዘው?” ብላ እኛኑ ትቆጣለች። እኔ ስቀጠር “እርስዎ” ነበር የምላት። አንድ ቀን ጠርታኝ፣ “ስማ፣ እዚህ ቢሮ እርስዎ የሚባለው ሟች ነው። እኔ ገና አለሁ” አለችኝ። ይኸው አንተ አንቺ እንደተባባልን ቀረን።

አሁን ስለ አንድ ቤት ልንገራችሁ።

ቤቱ የአንዲት ጡረታ የወጡ አዋላጅ ነርስ ነበር። ሲሞቱ ለአረጋውያን መኖሪያችን ተናዘዙት። ያለቻቸው አንድ ልጅ ናት፣ ሩቅ ከተማ የምትሠራ ፋርማሲስት። መጥታ ከሰሰችን። “እናቴ ስትናዘዝ አእምሮዋ ልክ አልነበረም” አለች። ፍርድ ቤቱም ክርክሩ እስኪያልቅ ቤቱ ይታሸግ ብሎ አዘዘ።

እትዬ ቤቱን ልታይ ሄዳ በመስታወት ወደተከለለው በረንዳ ስታጮልቅ፣ በየጣሳው የተተከሉት አበቦች ጠውልገዋል። እንቅልፍ አጣች። ለፍርድ ቤቱ ማመልከቻ ጻፈች። ዳኛው አነበቡና መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ይህ የጠበቃ ማመልከቻ ነው የአትክልተኛ?” አሏት።

“ክቡር ዳኛ፣ አበቦቹ ክርክሩ ውስጥ የሉበትም። ለምን በውሃ ጥም ይሙቱ?”

ዳኛው ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ሁለቱም ወገኖች ባሉበት ይሁን ብለው ፈቀዱ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ማኅተሙን ይከፍታል፣ እኔ ባልዲ እሸከማለሁ (ሕግ የተማርኩት ለዚህ ነው!)፣ ሁለቱ ሴቶች ያጠጣሉ። መጀመሪያ አካባቢ ፋርማሲስቷ ሰላም እንኳ አትለንም ነበር። የመጀመሪያ ንግግራቸው “ቀስ፣ ጎርፍ ለቀቅሽበት እኮ” የሚል ነበር፣ ያለችውም እትዬ ናት። ልጅቷ ሳትፈልግ ሳቀች።

አንድ ሐሙስ ግን ልጅቷ ማጠጫውን እንደያዘች በረንዳው ደረጃ ላይ ቁጭ አለች። “እኔ ቤቱን ምን አደርገዋለሁ?” አለች። “ግን አእምሮዋ ደህና ነበር ከተባለ፣ ደህና ሆና ነው የተወችኝ ማለት ነው። በስልክ ተጣልተን ዘጋሁባት። ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል ሞተችብኝ።”

ሌላ ጠበቃ ቢሆን ይህችን ቃል ይዞ ወደ ችሎት በበረረ። እትዬ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቧ ተቀመጠች። “ልጄ፣ አልዋሽሽም” አለቻት፣ “እናትሽ ደህና ነበሩ። ደህና ሆነው ነው የሰጡት። የሰጡት ግን ቤት ነው። ልጅ በኑዛዜ አይሰጥም። አንቺ እስከ መጨረሻው የሳቸው ነበርሽ።” ልጅቷ አለቀሰች፤ እኔና የፍርድ ቤቱ ሠራተኛ ባዶውን ባልዲ ይዘን ወደ ውጭ ወጣን።

ክሱን አላነሳችም፣ እስከ መጨረሻው ተከራከርን፣ ተፈረደልን። እኛ እልል ልንል ስንል እትዬ ተነስታ፣ “ክቡር ዳኛ፣ ኑዛዜው ቤት ይላል እንጂ አበባ አይልም። አበቦቹ ለልጃቸው ይሰጡልኝ” አለች። አሁንም በገዛ ድርጅቷ ላይ! አበቦቹን እስከ አውቶቡሱ ድረስ ተሸክመን ሸኘናት። ስንመለስ እትዬ፣ “ሰው የሚካሰሰው ለቤት ይመስልሃል? ናፍቆት ነው የሚያካስሰው” አለችኝ። ቢሮ ገብታም መጀመሪያ ያደረገችው ለልጇ መደወል ነበር። ልጇ “ምን ሆንሽ?” ስትላት ሰማሁ። “ምንም አልሆንኩም፣ ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው” አለቻት።

እትዬ፣ ክርክር እንዴት ማሸነፍ እንደምችል ብዙ ሰው አስተምሮኛል። ማንን እንደማሸንፍ ቀና ብዬ እንዳይ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ስለዚህ አመሰግንሻለሁ። ከእንግዲህ በር ላይ ደርሰን “እኔ የምለው” የሚለን የለም። ምሳችንን በጊዜ እንበላለን፣ አይጣፍጠንም እንጂ። ገና ኮትሽን ሳትለብሺ ቢሮው ጭር ብሎብኛል።

እኔና አንቺ ዕድሜያችንን ከወራሾች ጋር ነው የጨረስነው። ሁሉም ዞረው ዞረው የሚሉት “ምነው በሕይወት እያለች በነገርኳት” ነው። እኔ ይህን ጸጸት መሸከም አልችልም፣ ወገቤን ያመኛል። ስለዚህ ይኸው፣ ባልደረቦቻችን ሁሉ እየሰሙ፣ አንቺም ቁጭ ብለሽ እየሰማሽ እነግርሻለሁ፦ እወድሻለሁ። ሳትሄጂ ናፍቀሽኛል።

በሉ ተነሱ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። ጉልበትሽ አይክዳሽ፣ ቤትሽ ሰው አይጣ፣ ከልጅሽ ጋር ተጠጋግተሽ ኑሪ። እኔም ነገ እደውላለሁ ብዬ ቃል አልገባልሽም። ዛሬ ማታ ቤትሽ ስትደርሺ እደውላለሁ፣ አንሺው።

ለእትዬ! ለጤናሽ!