አባ ማሩ ያመጡት የእጅ ባትሪ

የምስክር ቃል
ስም፦ ይርዳው ውበቱ
ዕድሜ፦ 41
አድራሻ፦ ኢየሩሳሌም፣ ኔቬ ያዕቆብ
ሥራ፦ የመብራት ዕቃ መርማሪ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ሰኞ ጁላይ 15 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 3፡20
በአማርኛ የመዘገበው፦ ሳጅን ኢላን

ሥራዬ የእጅ ባትሪ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ያህል ብርሃን መስጠቱን መለካት ነው። ባትሪውን ውስጡ ነጭ በተቀባ ባዶ ሉል ላይ ገጥሜ አበራለሁ፤ ሠላሳ ሴኮንድ ጠብቄ መለኪያው ያነበበውን የብርሃን መጠን በሉመን እመዘግባለሁ። መጠበቁ የግድ ነው፤ ርካሽ ባትሪ ሲበራ ፎክሮ ሲግል ይከዳል።

እሑድ ጁን 30 ቀን ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አማቴ አባ ማሩ አንድ የእጅ ባትሪ ሊያስለኩ ወደ መሥሪያ ቤቴ መጡ። የሚስቴ የፕኒና አባት ናቸው፤ ለሕንጻ ጥገና ድርጅቶች ባትሪ ያስመጣሉ። ማሸጊያው 1000 ሉመን ይላል። ስቀበላቸው፣ በዚያ ሁሉ ሐሩር፣ ባትሪው እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ሳበራው 960 አነበበ። አባ ማሩ አጠገቤ ቆመዋል። አማቴን አቁሜ እንዴት ሰዓት እቆጥርባቸዋለሁ? "ሌባ ነዎት" ማለት አይደል እንዴ! ይሉኝታ ያዘኝና ሳልጠብቅ 960 ብዬ ፈረምሁ። ይህ ጥፋት የኔ ነው።

ማክሰኞ ጁላይ 9 ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ዮሃይ የተባለ የጥገና ሠራተኛ፣ እዚሁ ኢየሩሳሌም በኢትዮጵያ መንገድ ካለ አሮጌ የድንጋይ ቤት ሥር ወደሚገኘው የውኃ ጉድጓድ፣ ፓምፕ ሊያይ፣ በኔ ፊርማ የተሸጠውን ያንኑ ዓይነት ባትሪ ይዞ ወረደ። ሆስፒታል ተኝቶ እንደነገረኝ፣ ደረጃው መሀል ሲደርስ ብርሃኑ ደከመ፤ እግሩን ስቶ ወደቀ፤ ዳሌው ተሰበረ። አለቆቹ ደግሞ "ቻርጅ ሳታደርግ ወርደህ ነው" ብለው ከሥራ ሊያባርሩት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይህ ነው።

ሐሙስ ጁላይ 11 ቀን ያልተከፈተ ባትሪ ዮሃይ ከሚሠራበት ድርጅት መጋዘን ወስጄ፣ ቻርጅ አድርጌ ለካሁ። ሲበራ 950፣ በሠላሳ ሴኮንድ 310፣ በሁለት ደቂቃ 40 ሆነ። እንደገና ሞልቼ በረዶ ውስጥ አቆይቼ ስለካው ግን በሠላሳ ሴኮንድም 900 ሰጠ። የዕቃውን ገመና የማያውቅ ሰው በበረዶ አቀዝቅዞ ለልኬት አያመጣም። አባ ማሩ ያውቁ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፤ ሲያቀዘቅዙት ግን በዓይኔ አላየሁም።

ትናንት ደውለው "ልጄ ይርዳው፣ ልጁ ቻርጅ ሳያደርግ ነው የወረደው በልልኝ፤ ቤታችንን አታፍርስ" አሉኝ። "እሺ አባ" አልኋቸው። አሁንም ይሉኝታ! ስልኩን ዘግቼ በራሴ ተናደድሁ። ለእሳቸው እሺ ብያለሁ፤ በዮሃይ ላይ ግን በሐሰት አልመሰክርም።

ቃሌ ተነብቦልኛል፤ የጨመርሁትም የደበቅሁትም የለም። ሐሰት ሆኖ ቢገኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቃለሁ። አንድ ነገር እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ፦ ፕኒና ውጭ መኪና ውስጥ እየጠበቀችኝ ነው። ለዮሃይ ልመሰክር እንደመጣሁ ታውቃለች፤ በአባቷ ላይ መሆኑን አታውቅም። ፖሊስ ወደ ቤታቸው ከመሄዱ በፊት ከኔ አፍ እንድትሰማው አንድ ሰዓት ይሰጠኝ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ይርዳው ውበቱ
የመዝጋቢው ፊርማ፦ ሳጅን ኢላን