መስመሩን ቢጫ ያስቀባው ዓይን

ቀስ ብለሽ ጠጪው፣ ቦክሂ፣ ይፋጃል። አሁን ነው ከምድጃው ያወረድኩት። የገብስ ሻይ ሲበርድ ጥሩ ነው ይላሉ፤ እኔ ግን በዚህ ሙቀት ትኩሱ ነው የሚያልበኝና የሚያቀዘቅዘኝ። ዛፉ ላይ ያሉት ነፍሳት ደግሞ ዘንድሮ ምን ነካቸው? ከንጋት ጀምሮ ሲንጫጩ ጆሮዬን አደነቆሩት። አንቺ ሳትጮሂ መጻፍ ትችያለሽ፣ እነሱ ግን...

እስክሪብቶሽን እዚያ አስቀምጪው፣ አይወድቅም። ምን ያስቸኩልሻል? ወረዳው የተወዳዳሪዎቹን ስም እስከ ቀትር ይቀበላል ብለሽኝ የለ? ገና ሦስት ሰዓት እኮ ነው። እስኪ አሳዪኝ ወረቀቱን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ቢሆንም ባዶ ቦታ ለይቼ አውቃለሁ። ይቺ ባዶዋ ምንድን ናት? ከሃምሳ ዓመት በላይ፣ የነጠላ ባድሚንተን... አሃ። ልትሞያት ነው? ሙያት፣ ሙያት። ሻይሽን ከጨረስሽ በኋላ ሙያት።

ከጀርባዬ አግዳሚው ላይ ሰው አለ እንዴ? ጫማውን እያሰረ ነው? ይሰር፣ ይሰር። ረጅም ማሰሪያ ይሆናል። አንቺ ስትመጪም እያሰረ ነበር።

እንደምታውቂኝ እኔ ወሬ አልችልም። ሃያ ሁለት ዓመት ይህን ሜዳ ስጠርግ፣ መረብ ስወጥር፣ ከአፌ ከ«እንደምን አደራችሁ» ሌላ የወጣ የለም። ዛሬ ምን እንደ ነካኝ እንጃ። ሙቀቱ ይሆናል።

ግን ይህ ዓይን የሚያክሙበት ሌዘር የሚሉት ጨረር አይገርምሽም? አንድ የማውቀው ሰው አለ። ስሙን ተዪው፣ ስም ምን ያደርጋል። በሚያዝያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት ሐኪም ቤት ገብቶ ተኛላቸው። ለአንዱ ዓይን አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም አሉ። ሳምንት ፊቱን ውሃ ሳያስነካ፣ ወር ሙሉ ሳይሮጥ፣ ጠብታውን በሰዓቱ ሲያንጠባጥብ ከረመ። ታዛዥ ሰው ነው። ሐኪም ያለውን አንዲት አያጎድልም።

በፊትማ ምን ሕይወት ነበረው? መነጽሩን በላስቲክ ከማጅራቱ አስሮ፣ አምስት ደቂቃ ሲጫወት ላብ፣ አምስት ደቂቃ ሲጠርግ። ዝናብ ከጣለ ቤቱ። ኑድል ከቀረበለት እንፋሎቱ ዓይኑን ይጋርደውና መብያ እንጨቶቹን የጎረቤቱ ሳሕን ውስጥ ይሰዳል። ፍል ውሃ ቤት የሆነውንስ ሰምተሻል? መነጽሩን አውልቆ ገባ። በዚያ እንፋሎት መሐል ጓደኛው መስሎት የማያውቀውን ሰው ጀርባ ሩብ ሰዓት ሙሉ ሲፈትግ ቆየ! ሰውየውም ጀርባውን አመቻቸለት። ምን ያድርግ? እንዲህ አድርጎ የሚያሸው ልጅም የለው። ኋላ ዞር ቢል የሰፈሩ ፖሊስ አዛዥ! እጅ ነሥቶ ወጣ አሉ፣ ራቁቱን።

አሁን ግን ሌላ ሰው ነው። ሲነቃ የግድግዳውን ሰዓት ከአልጋው ሆኖ ያነባል። ዝናብ ቢዘንብ ይሮጣል። ይዋኛል፤ ውሃ ውስጥ የራሱን ጣት አየሁ ብሎ እንደ ሕፃን ሲያወራ ነበር። እሁድ ተራራ ወጥቶ ከተማችንን ዴጉን ቁልቁል እያየ በየሰገነቱ የተሰጣ ልብስ ይቆጥራል። «ያ ሰማያዊ ካልሲ አንዱ እግሩ የለም» ብሎ ሲናገር በጆሮዬ ሰማሁት። አስቢው! የሰው ካልሲ እንኳ ሲጎድል የሚያሳዝነው ሰው... እንዲህ ያለ ልብ ከየት ይገኛል?

ደስ ብሎኛል። እውነቴን ነው። አንድ ሰው ብቻ አሳዘነኝ፤ መነጽሩ።

«እንዴት?» ማለትሽ ጥሩ ነው። አንቺ እዚህ ከመጣሽ ሦስት ዓመትሽ ነው፤ ድሮውን አታውቂም። እዚህ ኮረብታ ዳኛ የለንም። ላባማዋ ኳስ የወደቀችበት ወገን «ውስጥ» ካለ ውስጥ ናት፣ «ውጪ» ካለ ውጪ። ከሱ አፍ በላይ አፍ የለም። አንዴ ከተባለ ደግሞ፣ ያለው ሰው ራሱ ካልመለሰው በቀር ፕሬዚዳንት ቢመጣም አይመልሰው። ታዲያ ያ ሰው ቀጭን ነገር በመጣ ቁጥር «ውጪ!» ይላል። እኛስ? «መነጽሩ ነው፣ ምስኪን፣ አላየም» እንላለን። አሥራ አንድ ዓመት መነጽሩን ስናማ ኖርን። አንድ ቀን እንኳ ይቅርታ ሳንጠይቀው መሳቢያ ገባ... ግፍ አይደለም?

ከሌዘሩ በኋላ ነጭ ነገር ያንጸባርቅበታል፤ ለጥቂት ወር ነው አሉ። ቅዳሜ መጣ። ጨዋ እኮ ነው፣ በሁለት እጁ ብርጭቆ አቀረበልኝና «አባባ፣ የሜዳው መስመር ቢጫ ቢሆን ዓይኔ ያርፍ ነበር» አለኝ። ለምን አይሆንም? ለሰው ዓይን ያልሆነ ጉልበት ምን ይሠራል? ከሰዓት በኋላ ተንበርክኬ በብሩሽ ዙሪያውን ቀባሁለት። ሐምሌ እንደምታውቂው ነው፤ የሰው ሸሚዝ ሦስት ቀን የማይደርቅበት ወር ቀለም ይደርቃል? እሁድ ጠዋትም ጣቴ ላይ ይይዝ ነበር።

እሁድ ያቺን ባዶ ቦታ የሚሞላውን ለመለየት ያ ሰውና ማንቦክ ሲጫወቱ አንቺ አልነበርሽም፤ የልጅሽ ልደት ነበር። ማንቦክን ታውቂዋለሽ። የሰው ዕቃ ከፎቅ ፎቅ ሲያመላልስ ጉልበቱን የጨረሰው። በመስከረም ጉልበቱን ሊቀይሩለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ራኬት እንዳያስብ ብለውታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እዚህ ሲጫወት ለወረዳው ውድድር አንድ ጊዜ ተሰልፎ አያውቅም። ሁሌ ለሌላው ይለቅ ነበር። ዘንድሮ ግን ሚስቱ ማልያውን ተኩሳ በር ላይ ሰቅላዋለች አሉ። ሴቶች ደግሞ ሲቸኩሉ...

ማንቦክ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀርቶት ነበር። መታት። ኳሷ ወዲያ በዚያ ሰው ወገን ጥጉ ላይ ዘፍ አለች። እኔ መጥረጊያዬን ይዤ ከመስመሩ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሜያለሁ። የኔ ዓይን መቼም ሞራ የለበሰ ነው፤ እሱ ምኑን ያያል? ጥርት ያለው፣ የታደሰው፣ ካልሲ የሚቆጥረው ዓይን «ውጪ!» አለ።

ማንቦክ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «ያንተ ዓይን አሁን ጤነኛ ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። ይኼው ነው። ከዚያ ጉልበቱም ልቡም ከዳው፤ የቀሩትን አከታትሎ ለቀቀ።

ስጠርግ ኳሷን አነሣኋት። የቡሽ አፍንጫዋ ቢጫ! ከየት አመጣችው ትያለሽ? ላባ ያላት ነገር ናት፤ ውጪ ከመውደቋ በፊት ቀለም ቤት ጎራ ብላ ይሆናል። መስመሩም ላይ አንዲት ጭረት አለች፣ የጣት ጥፍር የምታህል። እዚያ ጥጉ ጋ... አትነሺ፣ አትነሺ! ሻይሽ ይቀዘቅዛል። አንቺ ብታዪም ምን ታደርጊያለሽ? አልኩሽ እኮ፣ ያለው ሰው ነው የሚመልሰው። እኔ የሜዳ ጠራጊ ነኝ። ኳሷን ኪሴ ከተትኳት፣ መጫወቻ ትሆነኛለች።

ደግሞም እኮ አልፈርድበትም። አዲስ ዓይን ነው፣ ገና እየለመደው ነው። መጀመሪያ ሩቁ ይጠራል፣ ከዚያ ቅርቡ፣ ከዚያ... ሐኪሞቹ የት ድረስ እንደሚጠራ ነግረውት እንደሆነ እንጃ። እነሱም እስከሚችሉት ነው የሚሠሩት።

ይህን ሁሉ የማወራልሽ ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? እስከ ትናንት ዝም ብዬ ነበር። ዝምታ ይሆንልኛል። ትናንት ግን የዚያ ሰው እናት መጣች። ሰማንያ ሦስት ዓመቷ! ሁለት መቶ አርባውን ደረጃ በምርኩዝ ወጣችው። ቀይ አደንጓሬ የተነሰነሰበት የሩዝ ኬክ ራሷ ጋግራ፣ በጨርቅ ቋጥራ፣ «የልጄ ዓይን በራልኝ፣ ደስታዬን ቅመሱልኝ» አለች። ለሁሉም ሰው አንድ አንድ ቁራሽ። ለማንቦክ ሁለት።

እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀመጠች። ልጅ ሆኖ ጥቁር ሰሌዳው አይታየውም ነበር አለችኝ። የሌለውን ሲያነብ አስተማሪው ዋሾ ብሎ ይገርፈዋል። ወታደር ቤት ዋሾ፣ ፋብሪካ ዋሾ። እሷ ብቻ «ዓይኑ ነው እንጂ ልጄ አይዋሽም» እያለች፣ ሃምሳ ዓመት ከሰው ስትሟገት፣ ከባሏ ቤተሰብ ሳይቀር ተኳርፋ። አሁን ግን አሸነፈች። ደስታዋን ብታዪ! ጥርስ የሌለው ድዷ እንደ ሕፃን ሲስቅ...

 አንገቴን ደፋሁ። ኬኩን በሁለት እጄ ተቀበልኳት፤ እስካሁን አልቀመስኩትም። ስትነሣ እጄን ጨብጣ መረቀችኝ። እንግዲህ ምርቃት የግል አይደለም፣ ጫማውን አስሮ ያልጨረሰም ቢሆን የሰማ ሁሉ ይድረሰው። እንዲህ አለችኝ፤

«ወንድሜ፣ ልጄ አሁን ያያል፤ ከእንግዲህ ከአፉ የሚወጣው ሁሉ እውነት ነው። ይህን ደስታዬን እንደያዝኩ ይውሰደኝ። አንተንም ልጄ ያየውን ሁሉ ለማየት ያብቃህ።»