ልጄ ስለወደቀበት ሮለር የሰጠሁት ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሰፈሩ «ጋሽ ውሃልክ» የሚባሉ
ዕድሜ፦ 74
ሥራ፦ ግንበኛ የነበሩ፣ አሁን ጡረተኛ
የትምህርት ደረጃ፦ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ማንበብና መጻፍ በራሳቸው የተማሩ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በስተግራ ያለው በር
ከሟች ጋር ያላቸው ዝምድና፦ አባት
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ መጋቢት 11 ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት

ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ማንም ሳይጠራኝ በራሴ ፈቃድ ጣቢያ ቀርቤ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ። ሟች የተባለው ትንሹ ልጄ ነው። ከዚህ በታች «ልጄ» ተብሎ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ቃሌን የተቀበሉት መርማሪ ተስማምተዋል።

ልጄ የ26 ዓመት ሰው ነበር። በማተሚያ ቤት መጽሐፍ ይጠርዛል፤ ከሥራ ሲወጣ የእሽቅድምድም ብስክሌት ይነዳል። ባለፈው ክረምት መኪና ገጭቶት ትከሻው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጣ «እኔ በሕይወት እያለሁ ሁለተኛ አስፋልት አትወጣም» አልኩት። ዛሬም ቢሆን ይህን በማለቴ አልጸጸትም። ያልኩትን እንደማላነሳ ስለሚያውቅ አልተከራከረኝም። ትከሻው ሲድን ግን «አባዬ፣ አስፋልት አትውጣ አልከኝ እንጂ ብስክሌት አትንዳ አላልከኝም» ብሎ ቤት ውስጥ የሚነዳበት ሮለር እንድንገዛ ጠየቀኝ።

ሮለር የሚባለው ሦስት የሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች የተገጠሙበት ወለል ላይ የሚቀመጥ የብረት ፍሬም ነው። የኋላው ሲሊንደር ሲዞር ፊተኛውንም የሚያዞር ቺንጋ የሚባል ረዥም የጎማ ቀበቶ አለው። ነጂው ብስክሌቱን ከላዩ አቁሞ ፔዳል ይመታል፤ ጎማዎቹ ይሮጣሉ፣ ብስክሌቱ ግን ካለበት ፈቀቅ አይልም። ነገሩ የሞኝ ሥራ ቢመስለኝም ቃሌን ስላልነካ ተስማማሁ።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን አሁን በእስር ላይ ወደሚገኘው የብስክሌት ሱቅ ባለቤት ሄድን። ሰፈሩ «ፈጣኑ» ይለዋል፤ እንዲህ የተባለው ሥራው ዝግ ያለ ስለሆነ ነው። ሦስት ሮለር አሳየን። አዲሱ ከአቅማችን በላይ ነበር። ሁለተኛው ርካሽ ሆኖ ሲሊንደሩ ፕላስቲክ ነው፤ በእጄ ሳዞረው ክቡ ስላልተስተካከለ ይንገጫገጭ ነበር። ሦስተኛው ያገለገለ ሲሆን ሲሊንደሮቹ ብረት ናቸው፤ ኩሽኔታውንና ቺንጋውን ፈጣኑ በአዲስ ቀይሮታል። ውሃልኬን ከኪሴ አውጥቼ በፍሬሙና በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ አስቀመጥኩ። ፈጣኑ ሳቀና «ጋሼ፣ ሮለር ሊገዙ ነው ወይስ ግድግዳ ሊያቆሙ?» አለኝ። «አንተ ዝም ብለህ ውጣበትና ንዳው» አልኩት። ሰውየው ወፍራም ነው። አልቦት እስኪወርድ ድረስ ነዳው፤ «እኔን ከተሸከመ ልጅዎን እንደ ላባ ነው የሚይዘው» አለ። ቺንጋውንም በሁለት እጄ ወጥሬ አየሁት፤ ስንጥቅ አልነበረበትም።

ፈጣኑ ቶሎ ለመሸጥ አልቸኮለም። ልጄን «ስማኝ ወንድሜ፣ ለጀማሪ የኋላ ጎማውን ቆንጥጦ የሚይዘው ማቆሚያ ይሻልሃል። ይሄኛው መጀመሪያ ላይ ይጥልሃል» ብሎታል። ልጄ «ታስሮ መንዳትማ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው፤ ሚዛኔን የሚፈትነኝ ነው የምፈልገው» አለው። ፈጣኑም «እንግዲያው በር መሃል አድርገህ ተለማመድ፤ ስትዘም መቃኑን ትደገፋለህ» አለው። ይህን የተናገረው እኔ ቆሜ እየሰማሁ ነው።

ያገለገለውን ሮለር ገዝተን በወጥ ቤቱና በሳሎኑ መካከል ባለው በር ላይ አቆምነው። ልጄ በመጀመሪያው ሳምንት እየወደቀ እየሳቀ ይነሳ ነበር፤ በኋላ መሪውን ለቆ እየነዳ ሹራቡን እስከ ማውለቅ ደረሰ። ቤቱ ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው የለም። ማታ ማታ እሱ ሲነዳ እኔ ከፊቱ ወንበር ስቤ ጋዜጣ አነብለት ነበር። የሮለሩ ጩኸት ሲበዛ «ጮክ በል አባዬ፣ ዳገት ላይ ነኝ» ይለኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ እንደ ወትሮው እየነዳ፣ እኔም እያነበብኩ ነበር። የሮለሩ ድምፅ እየቀነሰ መጣ። የሚጠይቀኝ ነገር ያለ መስሎኝ ቀና አልኩ። እግሮቹ ቆመዋል፤ ቀኝ እጁ ደረቱ ላይ ነው። «አባዬ፣ ቆይ» አለኝ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገረም። በጎኑ ወደቀ። ቺንጋው በዚያን ጊዜ በቦታው ነበር፤ ሲሊንደሮቹም ፊተኛው ሳይቀር ገና እየዞሩ ነበር። ከፔዳሉ ጋር የሚቆለፈው ጫማው አልላቀቅ አለ፤ የሱሪው ጫፍ ደግሞ ቺንጋውና ሲሊንደሩ መካከል ገብቶ ተነከሰ። ብጎትት ጉልበት አነሰኝ። የዳቦ ቢላዋ አንስቼ ቺንጋውን ቆረጥኩ፤ እግሩንም ከጫማው አወጣሁ። ከታች ያለውን ጋጋሪ ጠርቼው ዱቄት በዱቄት እንደሆነ ሮጦ መጣና ልጄን ታቅፎ ደረጃውን አወረደው። ሆስፒታል ስንደርስ ሕይወቱ አልፏል ተባልን።

መርማሪው ለሁለት የተከፈለ ቺንጋ አሳይተውኝ አውቄዋለሁ። ጫፎቹ ቀጥ ብለው የተቆረጡ ናቸው፤ አልቆ የተበጠሰ አይደለም። የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ለቀረበልኝ ጥያቄ፣ ልጄ ደረቱን እንደሚያመው ነግሮኝ አያውቅም። ምን እንደገደለው ሐኪም ይናገር።

ቺንጋው ተበጥሶ ጣለው ብሎ በፈጣኑ ላይ አቤቱታ ያቀረበው ታላቁ ልጄ ነው። ያን ዕለት ሲመጣ ቺንጋው ወለሉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አገኘው። የሆነውን ሲጠይቀኝ መልስ አልሰጠሁትም፤ ያን ዕለት ለማንም አልተናገርኩም። ስለዚህ ዋሸ አልልም። ፈጣኑ መታሰሩን የሰማሁት ትናንት ነው። ሚስቱ ደረጃውን ወጥታ በሬ ላይ ቆመች። ግቢ ብላት አልገባም አለች። «ጋሼ፣ እርስዎ እዚያ ነበሩ፤ እውነት እሱ ነው የገደለው?» ብቻ አለችኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደዚህ ስወጣ ታላቁ ልጄ ደረጃው ላይ መንገድ ዘጋብኝ። «አባባ፣ የሞተው እኮ ልጅህ ነው!» አለኝ። «መሞቱን አንተ ልትነግረኝ ነው?» አልኩት። «ርካሽ ዕቃ ሸጠላችሁ፤ እሱ ካልተጠየቀ ማን ሊጠየቅልን ነው?» አለ። «የሚጠየቅ ስላጣህ ሰው አታሳስር» አልኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ራሱን ዳስሼው ወረድኩ።

ቃሌ ተነቦልኛል፤ እኔም በመነጽሬ አንብቤዋለሁ። አንድ ቦታ «ሮለሩ ጣለው» የሚል አግኝቼ አሰርዤ «ወደቀ» ተብሎ እንዲጻፍ አድርጌያለሁ። ያላየሁትን አላስጻፍኩም፤ ያየሁትንም አላስቀረሁም። ፍርድ ቤትም ብጠራ ከዚህ የተለየ የለኝም።

በመጨረሻ በኤግዚቢትነት የተያዙትን ብስክሌቱንና ሮለሩን መቼ ልረከብ እንደምፈልግ ተጠይቄ፣ እስከፈለጋችሁት ጊዜ እዚሁ ይቆዩ፣ ቤት የሚጠብቃቸው የለም፤ ሰውየውን ግን የሚጠብቁት አሉና ዛሬውኑ ወደ ቤቱ ስደዱት ብዬ በፊርማዬ አረጋግጫለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ____________