ሚዛኑ ለጋሽ ሚዛን ያልነገራቸው ነገር

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። በሩ አጠገብ ያላችሁም ወንበር ሳቡ፤ ቆማችሁ አትስሙኝ፣ ወጉ ትንሽ ረዘም ይላል።

የምነግራችሁ ስለ አንድ ጡረተኛ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በእህል መጋዘን በር ላይ ቆመው ጆንያ ሲመዝኑ ኖረዋል። ሰፈሩ ጋሽ ሚዛን ይላቸዋል፤ ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቁት ባለቤታቸውና የጡረታ ቢሮው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሰውየው ሚዛን ያምናሉ። ሰዎች ሲከራከሩ ከሰሙ፣ ነገሩ የኳስ ወሬ እንኳ ቢሆን፣ «ሚዛን ላይ ይውጣና እንየው» ይላሉ። ጡረታ ሲወጡም መጋዘኑ ሊጥለው የነበረውን አሮጌ የጆንያ ሚዛን ለምነው ወደ ቤት አመጡትና በረንዳው ላይ፣ ከልብስ ማጠቢያው ሳፋ አጠገብ አቆሙት። ጠዋት ጠዋት በካናቴራ ብቅ ብለው ይወጡበታል። የነጠላ ጫማቸውን ክብደት ለይተው ስለሚያውቁት፣ እሱን እንደ ባዶ ጆንያ ይቀንሱና የቀረውን ኪሎ ጮክ ብለው ለባለቤታቸው ያበስራሉ።

ይህ ልማድ የመጣው ሐኪም ደማቸውን አይቶ፣ ስኳርዎ ወደ በሽታው ድንበር እየተጠጋ ነውና ሆድዎን ይቀንሱ ካላቸው ወዲህ ነው። ልብ በሉ፤ ሐኪሙ ያለው ሆድ ነው። ጋሽ ሚዛን የሰሙት ግን ኪሎ ነው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እራት ተዉ። እንቁላሉንም፣ ዓሣውንም፣ ምስሩንም «ከባድ ምግብ» ብለው ገሸሽ አደረጉት። ሲመሽ አንድ ብርጭቆ ሻይ በደረቅ ዳቦ፣ አለቀ። ከቤት መውጣቱንም ቀነሱ፤ ባዶ ሆድ የት ያደርሳል? ኪሎው ግን ወረደ። በየጠዋቱ ሲወርድ ደስታቸው ሌላ ነበር።

ባለቤታቸው ቤት ውስጥ ልብስ የሚሰፉ ሴት ናቸው። እሳቸው ደግሞ በሌላ መንገድ ነበር የሄዱት። ማለዳ ማለዳ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ትምህርት ቤቱ ግቢ ይሰበሰቡና አሸዋ የተሞላ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሲያነሱ፣ ቁጭ ብድግ ሲሉ ያረፍዳሉ። ሲመለሱ እንደ ሁሉም ሰው በልተው ወደ ስፌታቸው ይገባሉ። ወራት አለፉ፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ መርፌው ካለበት ንቅንቅ አይልም። ጋሽ ሚዛን ታዲያ ዝም አይሉም። «አንቺ ሴት፣ ያ ሁሉ ላብ የት ሄደ? ሚዛኑ እኮ አላየውም» ይላሉ። ባለቤታቸው መጀመሪያ ይስቁ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረ። በመጨረሻም፣ ይሄ ነገር ለኔ አልሆነም፣ እኔም እንዳንተ እራት ብተው ይሻላል አሉ። ጋሽ ሚዛንም ክርክር እንደረታ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ነገር ግን፣ ልጆቼ፣ ያኔ የእሳቸው የራሳቸው ልብ ሰላም አልነበረውም። መጀመሪያ የጋዝ ሲሊንደሩ አልነሳ አላቸው፤ ብቻቸውን ያነሱት የነበረ። ቀጥሎ ከበርጩማ ለመነሳት ግድግዳ መያዝ ጀመሩ። አብሯቸው መጋዘን ይሠራ የነበረ አንድ ባልንጀራቸው እንዲሁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ዓመት ሳይሞላው ነበር ያረፈው። እሱ ትዝ ይላቸዋል። «ውስጤ አንድ ነገር ገብቷል» አሉ ለራሳቸው። ለማንም አልተናገሩም። ብቻ ባለቤታቸውን ጠርተው የውሃው ዋና መዝጊያ የት እንዳለ፣ ፊውዙ እንዴት እንደሚቀየር ያሳዩ ጀመር። ባለቤታቸው የተለመደ ማብራራታቸው መስሏቸው አንድ ጆሯቸውን ብቻ ሰጥተው ይሰሟቸዋል።

አንድ ቀን ጠዋት ከሱቅ ትንሽ ሽንኩርት ይዘው ሲመለሱ፣ የሚኖሩበት ሕንፃ ደረጃ መሐል ጉልበታቸው ከዳቸውና አረፍ አሉ። የጎረቤታቸው ልጅ ወደ ሥራዋ ስትወርድ አገኘቻቸው። ይህች ልጅ በሕፃንነቷ እሳቸው ትከሻ ላይ ሆና ሰፈሩን የዞረች ናት፤ አሁን ጤና ጣቢያ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ትሠራለች። የሴቶቹንም ስፖርት የምታሠራው እሷ ናት። ጋሽ ሚዛን «ዶክተሬ» ይሏታል፤ ዶክተር አይደለሁም ብትላቸውም አይሰሙም።

ሰላምታው ረዘም ካለ በኋላ ምን ሆነው እንደተቀመጡ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም አየር እየተቀበልኩ ነው አሏት፤ መስኮት በሌለው ደረጃ ላይ። ወሬውን ለማስቀየስ ብለው ስምንት ኪሎ እንደቀነሱ ነገሯት፤ የሷ ሴቶች ግን ሰነፎች መሆናቸውን ጨመሩላት። ልጅቱ ፈገግ አለችና ከጎናቸው ተቀመጠች። ዓይኗ ግን ሱሪያቸው ላይ ነበር፤ ጭናቸው ላይ ጨርቁ ባዶ ሆኖ ተጣጥፏል።

«ጋሼ፣ እስቲ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣምረው ይነሱልኝ» አለቻቸው።

ሞከሩ። እንደገና ሞከሩ። ከዚያ ሽንኩርቱን እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የምሞት ይመስለኛል» አሏት።

እሷም አልሳቀችም፤ «ኧረ ምን ሆነው» ብላም አላለፈችውም። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ምን እንደሚበሉ፣ ሌሊት ያልባቸው፣ ያስላቸው እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቀች። ሰምታ ስትጨርስ፣ ያለ ሐኪም ማንም ደህና ነዎት ሊልዎት አይችልም፣ ዛሬውኑ አብረን ሄደን ደምዎ ይታይ አለች። ቀጥላም የምትጠረጥረውን ነገረቻቸው።

«ጋሼ፣ የቀነሱት ስብ ብቻ አይመስለኝም። ጡንቻዎም አብሮ ሄዷል።»

ጋሽ ሚዛን ቀና አሉ። መሞታቸውን ያመኑ ሰው፣ ሚዛናቸው ሲነካ ግን ተቆጡ። «ሚዛን ይዋሻል እያልሽኝ ነው?»

«አይዋሽም። የጠየቁትን ይመልሳል። ስንት ነኝ ካሉት ስንት እንደሆኑ ይነግርዎታል። ምን ምን ነኝ ብለው ግን አልጠየቁትም፤ ቢጠይቁትም አያውቅም።»

«ኪሎ ኪሎ ነው፣ ልጄ።»

«እሺ። መጋዘን በር ላይ ጆንያ ሲመጣልዎት፣ መዝነው ብቻ ነበር የሚያስገቡት?»

እዚህ ላይ ሰውየው ሽንኩርቱንም ሞታቸውንም ረሱ። «ምን ማለትሽ ነው! ማን እንደኔ? ጆንያውን በሹሉ ቱቦ ወግቼ፣ ከሆዱም ከታቹም አውጥቼ፣ መዳፌ ላይ ሳላየው?» አሉና ስንቱን ነገሯት። ኪሎ እንዲያነሳ እህሉን ውሃ የሚያርከፈክፍ ነጋዴ እንደነበር፣ ከመሐል ጠጠር የሚቀብር እንደነበር፣ እሳቸው ግን ጥሬውን በጥርሳቸው ሰብረው እርጥበቱን እንደሚለዩ፣ ሙሉ ኪሎ የሚመዝን ጆንያ ስንት ጊዜ እንደመለሱ። ልጅቱ በትዕግሥት ሰማቻቸው። ሲጨርሱ በዝግታ፣ «ታዲያ ራስዎን ለምን ሳይወጉ አስገቡ?» አለች።

ጋሽ ሚዛን ጭናቸው ላይ የተጣጠፈውን ጨርቅ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው አዩት።

እሷም ቀጠለች። ሰውም እንደዚያ ጆንያ ነው፤ ውስጡ ስብ አለ፣ ጡንቻ አለ፣ አጥንት አለ፣ ውሃ አለ። በተለይ ዕድሜ ሲገፋ፣ ሰው ሳይንቀሳቀስና ገንቢ ምግብ ሳይበላ ራሱን ካስራበ፣ ሰውነቱ ስቡን ብቻ መርጦ አያወጣም፤ ጡንቻውንም እያፈረሰ ይበላዋል። ሚዛኑ ደግሞ ሁለቱንም እኩል «ቀነስክ» ብሎ ያበስራል።

«ጡንቻ ለጎረምሳ ነው» አሉ ጋሽ ሚዛን፣ ግን ድምፃቸው ላልቶ ነበር። «ከእንግዲህ ጆንያ አልሸከም። ምን ያደርግልኛል?»

«ከሽንት ቤት የሚያስነሳዎት እሱ ነው። ቢደናቀፉ ሳይወድቁ የሚይዝዎት እሱ ነው። ሐኪሙ የፈራልዎትን ስኳር ከደም እየወሰደ የሚያቃጥለው በአብዛኛው እሱ ነው። እርስዎ ስኳሩን ለመሸሽ ብለው ስኳሩን የሚበላልዎትን ሠራተኛ አባረሩት፣ ጋሼ።»

ከዚህ በኋላ ክንዷን ተደግፈው ተነሡ። ባለቤታቸውንም ከስፌታቸው አስነሥተው ሦስቱም ወደ ጤና ጣቢያው ሄዱ። ለምን እንደሚሄዱ ግን ጋሽ ሚዛን ለባለቤታቸው በደንብ አልነገሯቸውም፤ «አዲስ ሚዛን ልናይ ነው» ብቻ አሉ።

ሐኪሙ መረመራቸው፣ ደም አስቀዳ፣ ደረታቸውን በራጅ አስነሣ። መልሱ ከቀናት በኋላ ይደርሳል ተባሉ። ከዚያ ልጅቱ ወደ ራሷ ክፍል አስገባቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ አልጋ፣ የላስቲክ ገመዶች ግድግዳ ላይ፣ ጥግ ላይ ደግሞ እጀታ ያለው መሣሪያ። በባዶ እግር ብረቱ ላይ ይቆማሉ፣ እጀታውን ይጨብጣሉ፤ የማይሰማ ቀጭን ኤሌክትሪክ በሰውነት ውስጥ ያልፋል። ጡንቻ ውሃ ስላለበት በቀላሉ ያሳልፈዋል፤ ስብ ግን ይገታዋል። መሣሪያው ከዚያ ተነሥቶ የትኛው ስንት እንደሆነ ይገምታል።

ጋሽ ሚዛን ዞር ዞር ብለው ከፊትም ከኋላም አዩት። ይሄስ አይሳሳትም ወይ ብለው ጠየቁ።

«ይሳሳታል እንጂ» አለች ልጅቱ። «ግምት ነው። ውሃ ጠምቶዎት ቢወጡ፣ አሁን በልተው ቢወጡ፣ ሌላ ይነግርዎታል። ስለዚህ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ዓይነት ሁኔታ ነው የምንለካው። የዛሬውን ብቻ አይተን አንፈርድም፤ ወዴት እየሄደ ነው የሚለውን ነው የምናየው። ወገብዎን በሜትር፣ የጭብጥዎን ጉልበት ደግሞ በዚህ በሚጨመቀው መለኪያ እናመሳክራለን።»

ይህን ጊዜ የሰውየው ፊት ፈታ አለ። ስህተቱን አስቀድሞ የሚናገር መለኪያ በዕድሜያቸው አላዩም ነበር። ጫማቸውን አውልቀው ወጡበት።

ውጤቱ ልጅቱ እንደጠረጠረችው ሆነ። በዚያ ዕድሜና ቁመት ላለ ሰው ጡንቻቸው በጣም አንሶ፣ ስባቸው ደግሞ ገና በዝቶ ተገኘ። የጭብጣቸው ጉልበት ደካማ ነበር። ሜትሩ ወገባቸው ላይ ሲዞር፣ ያ ሐኪሙ ይቀንሱ ያላቸው ሆድ አብዛኛው እዚያው ቁጭ ብሏል። ቀጥለው ባለቤታቸው ወጡ። ልጅቱ ስፖርቱን ሲጀምሩ ለክታቸው ነበርና የያኔውንና የአሁኑን አነጻጸረች። ኪሎው ያው ነው። ስቡ ግን ቀንሷል፣ ጡንቻው ጨምሯል፣ ወገባቸው ቀጥኗል።

ባለቤታቸው የቀሚሳቸውን ወገብ ያዝ አደረጉ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ ቀሚሴን ሁለቴ ሳጠብበው ጨርቁ ተለጥጦ መስሎኝ ነበር» አሉና ሳቁ። እየሳቁ እንባቸው መጣ። ጋሽ ሚዛን ደግሞ ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «ላብሽን ያላየሁት እኔ ነኝ፤ በሚዛኑ ማሳበቤ ነውር ነው» አሏቸው። አርባ ዓመት ሚዛን ይዞ ለኖረ ሰው ይህ ትንሽ ቃል አይደለም።

የሐኪሙን መልስ ሲጠብቁ ያሉት ቀናት ግን ከባድ ነበሩ። ልጅቱ ያለችው እውነት ቢመስላቸውም ልባቸው ያንን ባልንጀራቸውን እያሰበ ይደነግጣል። መልሱ በመጣ ቀን ሐኪሙ ወረቀቱን አየ፣ ራጁን ወደ ብርሃኑ አነሣና ክፉ ነገር የለም አላቸው። ርሀብ ነው ያደከመዎት፣ ጡንቻ ደግሞ በዚህ ዕድሜም ይመለሳል፣ ሄደው እራትዎን ይብሉ።

ጋሽ ሚዛን ከክፍሉ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ዘፍ አሉ። ትንፋሻቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ሆዳቸው ድረስ ወረደ። ያን ጊዜ ነው የፈሩትን ሁሉ ለባለቤታቸው የነገሯቸው። ባለቤታቸው እጃቸውን ያዙና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ብቻህን ነው እንዴ ስትሞት የከረምከው?» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ። አላፊ አግዳሚው ምን ሆነው ነው ብሎ እስኪያያቸው ድረስ ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ቀላል ነው። እራት ተመለሰ፤ ምስሩም፣ እንቁላሉም፣ ዓሣውም በልክ ተመለሱ፤ ስኳርና ዘይት ግን ቀነሱ። ጋሽ ሚዛን ትምህርት ቤቱ ግቢ ከሴቶቹ ጀርባ ቆመው ጠርሙስ ማንሳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ አፈሩ፣ ኋላ ግን ሌሎቹን ማረም ሁሉ ጀመሩ። ኪሎው ትንሽ ወጣ። ያን ቀን ምሥራቹን ጮክ ብለው አላሰሙም፤ ባለቤታቸው ግን ሜትር አምጥተው ወገባቸውን ሲለኩ ጠቦ ተገኘ። ጭብጣቸው በረታ። እየቆየ ስኳሩም ከድንበሩ ራቅ አለ። እንቅልፋቸው ተስተካከለ፣ የሰው ድጋፍ ሳይፈልጉ ይነሣሉ፣ ይቀመጣሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ባልና ሚስቱ ማን ቀነሰ ማን ጨመረ እያሉ መኮራረፋቸውን ትተው አብረው ወጥተው አብረው ይገባሉ።

እናንተም፣ የኔ ልጆች፣ ስትሄዱ ይቺን ያዙልኝ። ሚዛኑን ጣሉት አላልኩም፤ የሚያውቀውን ብቻ ጠይቁት። ኪሎ ቀነስኩ የሚል ዘመድ ሲያጋጥማችሁ ደግሞ፣ እሰይ ከማለታችሁ በፊት ከወንበር እንዴት እንደሚነሣ እዩት፣ እራቱን በልቶ እንደሆነ ጠይቁት። ደከመኝ ብሎ ከነገራችሁም ከፍርሃቱ ጋር ብቻውን አትተዉት፤ እጁን ይዛችሁ ወደሚለካበት፣ ወደሚታይበት ውሰዱት። ይህን አትርሱብኝ፣ አደራ።