ለእናቷ ያልነገረችው ራስ ምታት

ከአቀስታ ወደ መካነ ሰላም በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ከኋላዬ አንዲት ተማሪና አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ የተዋወቁት እዚያው መኪና ላይ ነው።

«ምነው ልጄ፣ ግንባርሽን ይዘሽ ቀረሽ?»

«ራሴን አሞኝ ነው፣ እማማ።»

«ዛሬ ነው የጀመረሽ?»

«ቆየብኝ። ዙሪያውን በገመድ ጥብቅ አድርገው ያሰሩኝ ነው የሚመስለኝ። ፈተናው ሲቃረብ ደግሞ ባሰብኝ።»

«ሐኪም አላየሽም?»

«አይቶኛል። ክፉ ነገር የለም፣ ውጥረት ነው፣ በየአገሩ ስንቱን ወጣት እንዲህ ያመዋል አለኝ።»

«በየአገሩ? ምን አስጨነቃችሁ፣ ልጆቼ! እናትሽስ ምን አለች?»

«አልነገርኳትም። ዩኒቨርሲቲ እንድገባላት ነው ሁልጊዜ የምትጸልየው። አሞኛል ብላት ትሰበራለች።»

የልጅቷ ስልክ ጮኸ።

«አቤት እማ። ገና መንገድ ላይ ነኝ። ደህና ነኝ…»

«ንገሪያት፣ ልጄ።»

«አሁን?»

«አዎ፣ አሁን። እኔ አጠገብሽ አለሁ።»

«እማ… ራሴን ያመኛል። ከጀመረኝ ቆይቷል… እሺ… እሺ እማዬ፣ አታልቅሺ።»

ስልኩን ዘጋችው።

«ምን አለችሽ?»

«ታውቅ ነበር፣ እማማ። ‹ሻሽሽን አጥብቀሽ ስታስሪ እያየሁ፣ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅሁት› አለችኝ።»

«ዩኒቨርሲቲውስ?»

«‹አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ፣ እሱ ይደረስበታል› አለች።»

«አብሽሪ እንግዲህ። አላህ አፊያሽን ይመልስልሽ። ነይ፣ ትከሻዬ ላይ ደገፍ በይ፤ ስንደርስ እኔ እቀሰቅስሻለሁ።»

ከፊታቸው የተቀመጥኩት እኔ፣ ብርድ የሚገባበትን መስኮት ድምፅ ሳላሰማ ቀስ ብዬ ዘጋሁት።